የባሕረ ሐሳብ ላይብረሪ ምሳሌዎችን በሲሜክ የገነባሁበትና የፈተንኩበት መንገድ

ላይብረሪው (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ይለውጣል፣ በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር) ቀመር አጽዋማትንና በዓላትን ያወጣል፣ ቁጥርንም በግእዝ አኃዝ ይጽፋል። እዚህ ጎንደር የሚጠቀሙበት ልጆች አብዛኞቹ የያዙት ዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው፤ እኔ የምሠራው ኡቡንቱ ላይ ነው። ሁለቱንም በአንድ መግለጫ ለመገንባት ሲሜክ የሚባለውን የግንባታ መሣሪያ መረጥኩ። ሰው አዲስ ላይብረሪ ሲያገኝ መመሪያውን ትቶ በቀጥታ የምሳሌዎቹን ፎልደር ይከፍታል፣ ያገኘውንም ገልብጦ ይወስዳል። ስለዚህ የተበላሸ ምሳሌ ከተበላሸ ላይብረሪ አይሻልም። (ትእዛዞቹን ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ይገባሉ።)

ምሳሌዎቹ አራት ናቸው፦ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ጳጉሜን፣ አኃዝ። «ጥምቀት» ቀላሉ ነው፤ ጥር 11 በፈረንጅ መቼ እንደሚውል ይናገራል። ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ እንግዳ የሚጠራ ሰው ሁሌ የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ ቀድሞ ገባ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን 6 ሆነች፤ ስለዚህ የ2016 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ዋለ። የ2017ቱ ግን ወደ ጃንዋሪ 19 ተመለሰ። እነዚህ ሁለት ዓመታት ለዚህ ምሳሌ ይበቃሉ።

«ፋሲካ» ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈተንም። እዚያም መጀመሪያ ያስቀመጥኩት 2016ንና 2017ን ነበር። ለ2016 ዓመተ ዓለሙ (5500 ተጨምሮበት) 7516 ነው፤ ለ19 ተካፍሎ 11 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ) አበቅቴ 20፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዕ 10 ይወጣል። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ነው፤ ዕለቱ ቅዳሜ፣ የቅዳሜ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበ ተጨማሪ ቁጥር) 8፣ ከመጥቅዑ ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ 18። ነነዌ የካቲት 18 ገባ፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ዋለ። በ2017 መጥቅዑ 29 ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፣ ትንሣኤ ደግሞ ሚያዝያ 12። አንዱ ዓመት የኮዱን አንድ ቅርንጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ይነካል። የበቃ መስሎኝ ነበር።

የኮዱን ስህተት የሚያጋልጡት ዓመታት ግን 2005 እና 2006 ናቸው። 7505 ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ቀመሩን የሚያውቅ ሰው ወንበሩን 18 ይላል፤ ኮዱ ግን ከዜሮ አንድ ቀንሶ ኔጋቲቭ 1 ያደርገዋል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ የኔጋቲቭ ቁጥር ቀሪ ኔጋቲቭ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ መጥቅዑ ኔጋቲቭ 19 ይሆንና ፕሮግራሙ ሳይወድቅ የማይረባ ቀን አትሞ ይወጣል። በ2006 ደግሞ ወንበሩ ዐልቦ ነው፤ መጥቅዑ 30 ተብሎ መያዝ አለበት እንጂ ዜሮ ተብሎ ወደ ጥቅምት መሄድ የለበትም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የ2005 ትንሣኤ እንደ 2016ቱ ሚያዝያ 27፣ የ2006ቱም እንደ 2017ቱ ሚያዝያ 12 ነው። ቀኑን ብቻ የሚያይ ፈተና ዓመቶቹ ቢምታቱ እንኳ አይነቃም። ስለዚህ ምሳሌው ወንበርን፣ አበቅቴንና መጥቅዕን አብሮ እንዲያትም አደረግኩ፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁሌ 30 መሆናቸውም ተጨማሪ ማረጋገጫ ሆነ።

ግንባታው ራሱ አጭር ነው። «ሲሜክ ማይነስ ካፒታል ኤስ ነጥብ ማይነስ ካፒታል ቢ ቢልድ» ያዋቅራል፣ «ሲሜክ ማይነስ ማይነስ ቢልድ ቢልድ» ይገነባል፣ «ሲቴስት ማይነስ ማይነስ ቴስት ዲር ቢልድ» ይፈትናል። የመጀመሪያው አጻጻፍ ከሥሪት 3.13 በታች አይሠራም፣ የመጨረሻው ደግሞ 3.20 ይጠይቃል፤ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሥሪት ሳያዩ አይጀምሩ።

ያስቸገረኝ መውደቅ የነበረበት ፈተና ማለፉ ነው። በሦስት መንገድ አየሁት።

አንደኛው አሰርት ነው። ምሳሌዎቹ ውጤታቸውን በአሰርት (ሁኔታው ሐሰት ከሆነ ፕሮግራሙን በሚያስቆም ትእዛዝ) ያረጋግጡ ነበር። በሪሊዝ (ለተጠቃሚ በሚሰጠው የግንባታ ዓይነት) ሲገነባ ግን ሲሜክ ለኮምፓይለሩ ኤን-ዲበግ የሚለውን ምልክት ይሰጣል፣ ያኔ የአሰርት መስመሮች በሙሉ ከፕሮግራሙ ይጠፋሉ። ምንም ሳያረጋግጥ ዜሮ መልሶ ይወጣል፣ ሲቴስትም አለፈ ይላል። በዲበግ (ስህተት ለመፈለግ በሚውለው ዓይነት) ብቻ መፈተን መፍትሔ አይደለም፤ አሰርቱን አውጥቼ ውጤቱ ከተሳሳተ ከሜይን 1 የሚመልስ ተራ «ኢፍ» ተካሁበት።

ሁለተኛው «ፓስ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚባለው የፈተና ባሕርይ ነው። የታተመው ጽሑፍ ውስጥ የተፈለገው ቃል ከተገኘ ፈተናው ያልፋል፤ ፕሮግራሙ የመለሰው የመውጫ ኮድ አይታይም። ምሳሌው «ሚያዝያ 27» ብሎ አትሞ በቀጣዩ መስመር ላይ 1 መልሶ ቢወጣ አለፈ ነው። በዚያ ላይ ሲሜክ ጽሑፍ የሚቆጥረው በባይት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ አንዲት ነጥብ የፊደሉን ሲሶ ብቻ ትተካለች። ፊደልን በቅንፍ ውስጥ «ከሀ እስከ ፐ» ብሎ መፈለግማ ከንቱ ድካም ነው።

ይህን ትቼ ለእያንዳንዱ ምሳሌ የሚጠበቀውን ውጤት በፋይል አስቀመጥኩ። «አድ ቴስት» በ«ሲሜክ ማይነስ ካፒታል ፒ» አንዲት አጭር ስክሪፕት ያስነሳል። ስክሪፕቷ በ«ኤክስኪዩት ፕሮሰስ» ምሳሌውን ታስሮጣለች፣ የመውጫ ኮዱ ዜሮ መሆኑን ታያለች፣ ከዚያ የታተመውን ከተቀመጠው ፋይል ጋር በ«ሲሜክ ማይነስ ካፒታል ኢ ኮምፔር ፋይልስ» ታመሳክራለች። «ኢግኖር ኢኦኤል» የሚለውን መጨመር ግድ ነው፤ አለዚያ ዊንዶውስ መስመርን በሁለት ባይት ስለሚጨርስ ሁሉም ፈተና ይወድቃል። ስክሪፕቷን ከጨረስኩ በኋላ የተቀመጡትን ፋይሎች አንድ በአንድ እየከፈትኩ 27ን 28 እያደረግኩ ሲቴስት መውደቁን አየሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ፋይሉን ወደ ቦታው መመለስ ብቻ እንዳይረሳ።

ሦስተኛው ከሁሉ ያስቃል። «ኢኔብል ቴስቲንግ» በዋናው ሲሜክሊስትስ ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት። በምሳሌዎቹ ፎልደር ውስጥ ብቻ ሲጻፍ ሲቴስት ከላይ ሆኖ ምንም ፈተና አላገኘሁም ይላል፣ ግን እንደተሳካ ቆጥሮ ይወጣል። «ኖ ቴስትስ እኩል ይሆናል ኤረር» የሚለውን አማራጭ ስጨምርበት እውነቱን ተናገረ።

ቀጥሎ ምሳሌዎቹን ከላይብረሪው አጥር ማውጣት ነበር። በ«አድ ሰብዳይሬክተሪ» አብረው ሲገነቡ የላይብረሪው ሄደር ፋይሎች (የተግባሮቹ መግለጫ ያሉባቸው) ሁሉ በእጃቸው ናቸው፤ ተጠቃሚው ግን ያለው የተጫነው ብቻ ነው። ስለዚህ የምሳሌዎቹ ፎልደር ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆነ። ላይብረሪውን በ«ሲሜክ ማይነስ ማይነስ ኢንስቶል» ወደ ጊዜያዊ ፎልደር እጭናለሁ፣ ያንን ፎልደር በ«ሲሜክ ፕሪፊክስ ፓዝ» እሰጣለሁ፣ ምሳሌዎቹ በ«ፋይንድ ፓኬጅ» ያገኙታል። በመጀመሪያው ሙከራ ተውሳክን የያዘው ሄደር ኢንስቶል ውስጥ አለመግባቱ ታወቀ። አብሮ ሲገነባ አንድም ቀን አልታየም ነበር። የላይብረሪውንም ስም በሁለት ድርብ ነጥብ ጻፍኩት፤ እንዲህ የተጻፈ ስም ካልተገኘ ሲሜክ ገና ሲያዋቅር ያቆማል፣ ካልሆነ ግን ችግሩ የተገነቡትን ክፍሎች እስከሚያገናኘው ሊንከር ድረስ ይጎተታል።

ዊንዶውስ ላይ ሦስት ነገር ተጨመረ። የቪዥዋል ስቱዲዮ ፕሮጀክት ዲበግንና ሪሊዝን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ስንገነባ «ኮንፊግ»፣ ስንፈትን «ማይነስ ካፒታል ሲ ሪሊዝ» ማለት ያስፈልጋል። ኮምፓይለሩ «ዩቲኤፍ-8» የሚለው አማራጭ ካልተሰጠው የዩቲኤፍ-8 መለያ ምልክት የሌለውን ፋይል በራሱ ኮድ ገጽ ያነብና ፊደላችንን ያበላሻል። ላይብረሪው ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጫን የተለየ ፋይል) ከሆነ ደግሞ ምሳሌው ከጎኑ ካላገኘው አይነሳም፤ በ3.21 የገባው «ታርጌት ራንታይም ዲኤልኤልስ» ከግንባታ በኋላ ወደ ምሳሌው ፎልደር ለመቅዳት ያግዛል።

«አኃዝ» ከኪቦርድ ቁጥር ይጠብቃል። የሲቴስት የጊዜ ገደብ ካልተነካ በጣም ረጅም ነው፤ ወደ 10 ሴኮንድ ዝቅ አደረግኩት፣ ቁጥሩንም ከፋይል እንዲያነብ ሰጠሁት።

መብራት በግንባታ መሀል ሲሄድ ዴስክቶፑ ላይ የቀሩ የኦብጀክት ፋይሎች (ኮምፓይለሩ ከየምንጩ ያወጣቸው) ባዶ ሆነው ይገኛሉ። ቀናቸው ከምንጩ ፋይል አዲስ ስለሆነ ግንባታውን የሚያስኬደው ሜክ እንደገና አይገነባቸውም፤ ሊንከሩ ላይ ፋይሉ ተቆርጧል ወይም ቅርጹ አይታወቅም የሚል ኤረር ይመጣል፣ ሰውም ኮዱ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ይውላል። «ፋይንድ ቢልድ ማይነስ ሳይዝ 0» ብሎ ባዶዎቹን ማየት፣ ከዚያ «ክሊን ፈርስት» ጨምሮ እንደገና መገንባት ይበቃል። ከኢንተርኔት በ«ፌች ኮንቴንት» የሚወርድ ነገር ካለ አንዴ ከወረደ በኋላ «ፌች ኮንቴንት ፉሊ ዲስኮኔክትድ»ን ማብራት ነው፤ አለዚያ ሲሜክ ባዋቀረ ቁጥር ኔትወርክ ሊፈልግ ይችላል። የቢልድ ፎልደሩ ሲሰረዝ የወረደውም አብሮ ስለሚሄድ ኮፒውን ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ።