ፔዳል ሲሰምጥ ሁሉም «አየር ነው» ይላል

መኪናዬ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ናት። ከሱሉልታ ጠጠር ጭኜ ወደ አዲስ አበባ እወርዳለሁ። የመንገዱን ጠባይ የሄደበት ያውቀዋል። የእንጦጦን ጀርባ ከወጣህ በኋላ እስከ አዲሱ ገበያ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ፍሬን እምቢ ካለህ መሸሻ የለህም። ግራው ታክሲ፣ ቀኙ እግረኛ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ፔዳሉ ላላ። ስረግጠው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቶሎ ስደግመው ከፍ ብሎ ይይዛል። ዓመታዊ ምርመራውን ካለፍኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ጎማውን ማሽን ላይ አስቁመው «ርገጥ» አሉኝ፣ ረገጥኩ፣ «አልፏል» አሉ። ማሽኑ የሚለካው ጎማው በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደተያዘ ነው። ፔዳሉ እግርህ ስር አንድ ደቂቃ መቆየት አለመቆየቱን አይነግርህም። ከስር ገብቶ የጎማዎቹን የውስጥ ጎን ያየ ሰውም አልነበረም። ወረቀቱን ይዘህ ፍሬኔ ደህና ነው ብለህ አትተኛ።

የመጀመሪያው ብልሽት ቀላል ነበር። የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል፣ የኋላ ቀኝ ጎማ በውስጥ በኩል ረጥቧል። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። ቀጠን ብሎ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ ወፈር ብሎ የሚከረፋ ከሆነ የዲፈረንሻል ነው። ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የፍሬን ከበሮ) ስናወልቅ የጎማው ሲሊንደር ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ ተበልቷል። ከሶማሌ ተራ አምጥቼ ቀየርን። ታምቡሩን ከውስጥ እያሻሸ የሚይዘው ሸራ ዘይት ከጠጣ ታጥቦ አይድንም፤ የሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ሸራ ቀየርኩ። አንዱን ብቻ ከቀየርክ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል። ሸራውን ወደ ታምቡሩ አቀራርበን አስተካከልን። ግማሽ ቀን አልፈጀም።

ከዚያ፣ ስንፈታ የዘይቱ መስመር ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣቱ መጣ። አራት ቀን የበላኝ እሱ ነው።

መካኒኩ ከስር ተኛ፣ ረዳቴ ጋቢና ገባ። «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ልጁ ጉልበት አለው፤ ፔዳሉን ወለሉ ድረስ ይደልቀዋል። እኔም አጠገቡ ቆሜ «በርታ» እለው ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ስንጨርስ ፔዳሉ ከበፊቱ ባሰ። መካኒኩ «አየር ቀርቷል» አለ። ደገምን። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አራት ጠርሙስ ዘይት ፈሰሰ። በላስቲኳ ቱቦ የሚወጣው ዘይት አንዲት አረፋ የለውም። እሱ ግን «አየር ነው ወንድሜ፣ እመነኝ» ይለኛል። አመንኩት።

በአራተኛው ቀን ጋራዡ አጠገብ ያለው ዳገት ላይ የበግ መንጋ እስኪያልፍ ቆሜያለሁ። እግሬን ፍሬኑ ላይ ቀለል አድርጌ አሳርፌዋለሁ። ፔዳሉ ጭቃ ውስጥ እንደተተከለ ዱላ ቀስ እያለ ሰመጠ። መኪናዋ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና ደርቄ ቀረሁ።

አየር ያለበት ፔዳል እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል እንጂ እንደያዝከው እየሰመጠ አይሄድም። የሚሰምጠው ወይ ዘይት ወደ ውጭ ሲፈስ ነው፣ ወይ የማስተሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር፣ ጎሚኒ ዘይቱን ውስጥ ለውስጥ ወደ ኋላ ሲያሳልፍ። መካኒኩ ሲሞክረው ደህና የሚመስለው በኃይል ስለሚረግጥ ነው። በኃይል ስትረግጥ ግፊቱ የጎሚኒውን ከንፈር ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ቀስ ስትል ነው የሚያመልጠው። ስለዚህ ሞተሩን አጥፋ፣ አምስት ስድስቴ ረግጠህ ሰርቮውን (የእግርህን ጉልበት የሚያግዘውን) ባዶ አድርግ፣ ከዚያ በመጠነኛ ጉልበት ይዘህ እስከ 60 ቁጠር። እየሰመጠ ከሄደና ጎማዎቹና ቱቦዎቹ ደረቅ ከሆኑ ማስተሩን ፍታ።

ስፈታው ነገሩ ገባኝ። ፒስተኑ በየቀኑ የሚመላለስበት ክፍል እንደ መስታወት ያበራል። የማይደርስበት የፊተኛው ጫፍ ግን ዝገትና ዝቃጭ ይዟል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዝገቱ ከዚያ የመጣ ነው። ልጁ ወለሉ ድረስ በረገጠ ቁጥር ጎሚኒውን በዚያ ዝገት ላይ ስንፈገፍገው ነበር። ከንፈሩ ላይ በጥፍር የተቧጨረ የሚመስሉ ሦስት መስመሮች አየሁ። ጤነኛ ማስተር በገዛ እጃችን ገደልን።

አዲስ ማስተር ስጠይቅ የጠሩልኝ ዋጋ ከአስር በላይ የጎሚኒ ስብስብ ይገዛል። አሮጌውን ይዤ ሄጄ፣ አካሉ ላይ የተጻፈውን መጠን አሳይቼ ጎሚኒ ብቻ ገዛሁ። ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ በፍሬን ዘይት እያራስኩ አጸዳሁት። ጥፍርህ የሚይዘው ጉድጓድ ካለ ግን አትሞክረው፣ አዲስ ግዛ። መካኒኩ በቤንዚን እጠበው ብሎኝ ነበር። አትስማው፤ ቤንዚንም የሞተር ዘይትም ጎሚኒውን ያሳብጡታል። እርጥበት የጠጣውን ዘይትም ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ ደግሞ እግርህ ስር የሚቀረው እንፋሎት ብቻ ነው።

አየሩን ስናስወጣ ከፔዳሉ ስር አንድ ቁራጭ እንጨት አደረግኩ፤ ፔዳሉ ከሚወርድበት ርቀት ግማሽ በላይ እንዳይወርድ። «ቀስ እያልክ» አልኩት ልጁን። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ፣ ከኋላ ቀኝ ጀመርን። በአንድ ጠርሙስ አለቀ።

ባዶዋን ወርጄ ተመለስኩ። በማግስቱ ግማሽ ጭነት። ጋራዡ ጋ ያለው ዳገት ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ቆምኩ፣ እግሬን ቀለል አድርጌ አሳረፍኩና መቁጠር ጀመርኩ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክስ ያደርጋል። 60 እስክደርስ ድረስ አልተነቃነቅኩም፤ ፔዳሉም አልተነቃነቀም።