ሐምሌ ላይ ቅጠሉን ገልብጡት

ሰሜን ሸዋ፣ ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ ግማሽ ሄክታር የአባቴን መሬት አርሳለሁ። በ2014 ክረምት ባቄላ ዘራሁበት። አረስኩ፣ ዘራሁ፣ አረምኩ። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ቅጠሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አየሁ። ስገለብጠው ከጀርባው እንደ ኪንታሮት አብጧል። እብጠቱ ገና አረንጓዴ ስለነበር ከሩቅ ላየው ማሳው ጤነኛ ነው። ቅጠሉን ይዤ ወደ ግብርና ባለሙያው ሄድኩ። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ቅጠሉንም ሳይገለብጥ፣ "ውርጭ መቶት ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ይተወዋል" አለኝ። በሐምሌ ምን ውርጭ አለ? ይህን ማለት ነበረብኝ። የተማረ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን እብጠቱ ቡናማ ሆነ። ቅጠሉ እሳት የላሰው መሰለ፣ አበባው ረገፈ። ጎረቤቴ ጋሼ መጥተው አንዴ ዳሰሱትና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆርምድ ነው" አሉኝ፤ ቅጠሉን የሚያሳብጠው የባቄላ በሽታ። ሮጬ የእርሻ መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ ማንኮዜብ ሰጡኝ። እሱ ቸኮሌት ስፖት ለሚባለው ሌላ የባቄላ በሽታ የሚረጭ ነው። ቸኮሌት ስፖት ጠፍጣፋ ነጠብጣብ ነው፤ ቆርምድ ግን ለጣት ይጎረብጣል። የቆርምዱን መድኃኒት፣ ባይሌተንን፣ አግኝቼ እስክረጭ ነሐሴ ተጋምሷል። አንድ ኩንታል ዘርቼ 70 ኪሎ አስገባሁ።

በዚያ ላይ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። ገለባውን ለከብት ሰጠሁ፣ ፍጉን ጓሮ ማሳዬ ላይ በተንኩ። በሽታው ገለባና አፈር ውስጥ ከርሞ ነው የሚነሳው። ይህን የነገረኝ አልነበረም።

2015ን ገብስ፣ 2016ን ስንዴ ዘራሁ። በ2017 ወደ ባቄላ ተመለስኩ። ዘሩን በባይሌተን አሸሁት። ሐምሌን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቅጠል ስገለብጥ ከረምኩ። የመጀመሪያዋን እብጠት ባየሁ ማግስት፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ረጨሁ። ዘጠኝ ኩንታል አፈስኩ። እናቴ እልል አለች።

አሁን ባቄላንም በኩታ ገጠም፣ ማለትም ከጎረቤት ማሳ ጋር አያይዛችሁ አንድ ዓይነት ሰብል ዝሩ እየተባልን ነው። ለስንዴ እሺ። ለባቄላ ግን አልስማማም፤ ስብሰባ ላይም ተናግሬያለሁ። የላይኛው ማሳ ከታመመ ጎርፉ በሽታውን ይዞ የሚወርደው ወደኔ ነው። በበላዩ ድንበር በኩል እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ቆፍሬያለሁ።