በግራ መስመር አሥር ዓመት

ሐዋሳ ከተማ በ1996 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲያነሳ ገና ልጅ ነበርኩ። ሊጉ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ታቦር ተራራ ሥር ያለው ሰፈራችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር አደረ። እኔም እዚሁ አገሬ ሆኜ ተጫዋች መሆን እንደምችል ያመንኩት ያን ቀን ነው።

በ2005 በብሔራዊ ሊግ ወደሚጫወት አንድ ክለብ ለሙከራ ሄድኩ። በክንፍ ነበር የምጫወተው። በሦስተኛው ቀን አሰልጣኙ ጠራኝ። «ክንፍ ላይ አራት ልጆች አሉኝ። ግራ እግሩን የሚጠቀም ተከላካይ ግን የለኝም» አለኝ። ቅር አለኝ። ያደግኩት ጎል ላገባ እንጂ ሰው ላስቆም አልነበረም። ግን እሺ አልኩ። ዛሬ ወጣት ተጫዋች ምክር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው፦ የምትወደውን ቦታ ብቻ አትይ፣ ክለቡ የጎደለውን ቦታ እይ።

መከላከል ያስተማረኝ አንጋፋው መሃል ተከላካያችን ነው። «ኳሱን ተው፣ ወገቡን እይ» ይለኝ ነበር። እግር ያታልላል፣ ወገብ ግን ወደሚሄድበት ነው የሚዞረው። ከልምምድ በኋላ ሁለታችን ብቻ እየቀረን፣ እሱ ኳስ ይዞ ሲመጣ እኔ ወደ ኋላ እየሮጥኩ ስንት ማታ መሸብን! ከሁለት ዓመት በኋላ ለፕሪሚየር ሊግ ክለብ ፈረምኩ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የ2010 ነገር ነው። ልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ማታ ሲያብጥ አየሁት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ የተጎዳ ተከላካይ ማን ያስፈርማል ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ጠዋት ክፍሌን ዘግቼ በፋሻ አጥብቄ አስራለሁ፣ በላዩ ሁለት ካልሲ እደርባለሁ። የግራ ታኬታዬን ክር እስከ ላይ ስለማልስበው ጓደኞቼ ይቀልዱብኝ ነበር። አምስት ጨዋታ እንዲህ ተጫወትኩ። በስድስተኛው ኳስ ሳሻግር ጅማቱ ተበጠሰ። ድምፁን ራሴ ሰምቼዋለሁ። ስምንት ወር ከሜዳ ራቅኩ፣ ውሉም በዚያው አለቀ። በመጀመሪያው ቀን ብናገር ኖሮ ጥቂት ሳምንት አርፌ እመለስ ነበር፤ ሐኪሙም ያለኝ ይህንኑ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በሌላ ክለብ ሳለሁ የአራት ወር ደመወዝ ቀረብን። ለፌዴሬሽን አቤት ስንል የውላችን ቅጂ በእጃችን የነበረን ልጆች ጉዳያችን ቶሎ ታየ። የኔን እናቴ ፍራሽ ሥር ነበር ያስቀመጠችው። ቅጂ ያልነበራቸው ብዙ ተንከራተቱ። ሳታነቡና ቅጂ ሳትወስዱ አትፈርሙ።

የ2012 ሊግ በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፣ ውድድሩ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይካሄድ ጀመር፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ለኛ ለክልል ክለቦች ከባድ ነበር። ጉልበታችን የሜዳችን ደጋፊ ነው፤ እሱ በሌለበት ሆቴል ለሆቴል ስንዞር ከረምን። በሌላ በኩል ጨዋታው በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ስህተቴን በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ለካ ኳስ ከቀኝ ሲሻገር ሁሌ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ እገባ ነበር፣ ከኋላዬ ያለውን ሰው ለቅቄ። ስንት ጎል በዚያ በኩል እንደገባብን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

በ2015 አቆምኩ። ለብሔራዊ ቡድን አልተጠራሁም፣ ዋንጫም አላነሳሁም፤ በተጫወትኩት ኳስ ግን እኮራለሁ። አሁን ሐዋሳ ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። ልጅ ሲያነክስ ካየሁ ልምምዱን አስቆማለሁ። «ምንም አልሆንኩም ኮች» ይሉኛል፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። አስቀምጬ ታኬታውን በራሴ እጅ እፈታለሁ፣ ካልሲውንም ዝቅ አድርጌ አያለሁ።