ከቦዬ ዳር እስከ በለጠ ጫካ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰማዩ ሲጠራ ቤት መቀመጥ አልችልም። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች የሚደርሱትም በዚሁ ሰሞን ነው። ዘንድሮ የአራት ቀን ፈቃድ አገኘሁና ባይኖኩላሬን ይዤ ወደ ጅማ ወረድኩ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልቂጤ ቁርስ በላን፣ የጊቤን ቁልቁለት ጆሮዬ እየተደፈነ ወረድን፣ ከዚያ በኋላ ተኛሁ። የነቃሁት ሰርቦ ስንደርስ ነው።

ሌሊቱን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ለአንድ አዳር 900 ብር የከፈልኩበት ማረፊያ ሥሩ መጠጥ ቤት ነበረው። ማንም አልነገረኝም። ሙዚቃው የአልጋዬን እግር ያንቀጠቅጠዋል። አምስት ሰዓት ላይ ወርጄ እንግዳ ተቀባዩን፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ሌላ ክፍል ስጠኝ» አልኩት። «ቅዳሜ እኮ ነው ጋሼ፣ ሁሉም ተይዟል» አለኝ። ሙዚቃው የቆመው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ጉለሌ ነው የምኖረው። ሰፈራችን ንጋት ላይ የሚቀሰቅሰን ጋጋኖ ነው፤ በየግቢው ጽድ ላይ ሆኖ ይጮሃል። ጎረቤቶቼ ይማረሩበታል፣ እኔ ግን በሱ ድምፅ ካልነቃሁ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። ያን ሌሊት በጣም ናፈቀኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቦዬ ረግረግ ለመሄድ ባጃጅ ያዝኩ። ቦዬ ከከተማው ብዙ አይርቅም፣ በአዲስ አበባው መንገድ በኩል ነው። ልጁ 400 ብር አለኝ፣ እንቅልፍ ስላልጠገብኩ ሳልከራከር ከፈልኩት። ስወርድ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ እናት ሰምታን ኖሮ፣ «ልጄ፣ ምነው! 100 ብር ቢበዛበት ነው» አለችኝ። ተናደድኩ። ከብሩ ይልቅ የከነከነኝ ዓይኔን እያየ መዋሸቱ ነው። እናትየዋ ግን በቆሎውን ስትሰጠኝ ገንዘብ አልቀበልም አለች። «እሱ የወሰደው ይበቃሃል።»

ቦዬን ያየሁት በዚህ ስሜት ሆኜ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ንዴቱ ለቀቀኝ። ጉሙ ከሣሩ ላይ ገና እየተነሳ ነበር። ጣቶቿ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ጃካና የምትባል ወፍ ውኃው ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ትራመዳለች፤ ክብደቷ በጣቶቿ ስለሚከፋፈል ቅጠሉ አይሰጥምም። ከብቶቹ እግር ሥር ደግሞ ጭራቸውን ሽቅብ ቁልቁል የሚወዘውዙ ትናንሽ ቢጫ ወፎች ይሯሯጣሉ። ላሟ ስትራመድ የሚነሳውን ነፍሳት ነው የሚለቅሙት። እነዚህ ናቸው የኔ እንግዶች። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አውሮፓ ውስጥ በአንድ መስክ ላይ ነበሩ፤ ሜዲትራኒያንንና ሰሐራን አቋርጠው መጥተው የጅማ ላም እግር ሥር ቁርስ ይበላሉ። ሁሌም ሳያቸው ሆዴ ይባባል።

ሁለት ባለ ዘውድ ኩርኪዎችም አየሁ። ሩቅ ነበሩ። ራሳቸው ላይ ያለው ወርቃማ ጉንጉን ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሻማ ይበራል። እነዚህ ወፎች በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ናቸው፤ ጫጩት የሚፈለፍሉትም እንዲህ ባለ ረግረግ ውስጥ ነው። ረግረጉ ግን ከዳር ዳር እየተበላ ነው። በአንድ በኩል ለጡብ ሸክላ አፈሩ ተቆፍሮ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ከተማውን አቋርጦ የሚመጣው አወቱ ወንዝ ደግሞ ፌስታሉንና የውኃ ጠርሙሱን ሁሉ ይዞ እዚሁ ያራግፋል። ጡብ ሠሪዎቹን መውቀስ ከበደኝ፣ እንጀራቸው ነው። ግን የከተማውን ቆሻሻ የሚያጣራው፣ ጎርፉን የሚይዘው ይኸው ረግረግ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ ኩርኪዎች ጉድጓዶቹን እየዞሩ ሲለቅሙ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አየኋቸው። ጉማሬ አለ ቢሉኝም አልታየኝም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ሄጄ በፀሐይ ነድጄ፣ አንድ ዓሣ በል ንስር አይቼ ተመለስኩ።

የመጨረሻው ቀን በለጠ ለሚባለው ጫካ ነበር። በቦንጋው መንገድ ሸቤ ደርሼ ወረድኩና በእግሬ ገባሁ። ጫካ ይባል እንጂ ሥሩ ቡና ነው። ላዩ ቀረሮ፣ ሳሳ፣ ዋንዛ፣ ሾላ፤ ከሥሩ የቀላ ቡና። የለቀማ ወቅት ስለሆነ በየዛፉ ሥር ቅርጫት የያዘ ሰው አለ። ቱራኮ የምትባለውን ወፍ ያየሁት እዚያ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ አረንጓዴ ናት፣ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ቀይ ይፈነጥቃል። ይህ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ አለው። ጉንጯ ነጭ የሆነው ይህች ዓይነት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አካባቢ ውጪ እምብዛም አትገኝም።

አንገቴን ቀና አድርጌ ስንከራተት አንድ ሽማግሌ ከነልጅ ልጃቸው አገኙኝ። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ አስተርጓሚያችን ሆነች።

«ጋሼ፣ አያቴ ምን ጠፋህ ይላል።»

«ሲምቢራ» አልኩ። ከማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ አንዷ ናት፤ ወፍ ማለት ነው። ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁና ወደ ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱ። ቡና ተፈላ፣ ጨው ጣል ተደረገበት። ከአዲስ አበባ ስኳር በኋላ መጀመሪያ ምላሴ ደነገጠ፣ ሁለተኛውን ስኒ ግን ራሴ ጠየቅኩ።

ከደጃቸው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ቀረሮ አለ። ግንዱ ላይ ከፍ ብሎ ቀዳዳ ይታያል። እኔ የመጣሁበት ወፍ ቤት ነው፤ ጉንጩ ብር የመሰለ፣ ምንቃሩ ላይ ቀንድ የተደረበበት፣ የእርኩም ዘመድ የሆነው ትልቁ የደን ወፍ። አሁን ቤቱ ባዶ ነው። ሴቷ ለመፈልፈል ስትገባ በሩ በጭቃ ይደፈናል፣ ምንቃር የምታሾልክበት ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ባልየው ፍሬ በጉሮሮው አጭቆ እያመጣ በዚያች ስንጥቅ ይመግባታል። ሽማግሌው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩታል። «እሱ ከሞተ እሷም ከነልጆቿ በረሃብ ትሞታለች። ስለዚህ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ካየሁ አባርራለሁ» አሉ።

«ዛፉን ቆርጠው ቡና ቢያበዙበትስ?» አልኳቸው።

ልጅቷ ስታስተረጉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያለ ጥላ ቡናው ይነድዳል ይላል። ቅጠሉ ነው ማዳበሪያው። ደግሞ ያንን ሾላ እኔ አልተከልኩትም ይላል። አባቱም አልተከለም።»

«ታዲያ ማን ተከለው?»

ሽማግሌው ትርጉሙን ሳይጠብቁ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። «ሲምቢራ።»

እውነታቸውን ነው። ወፉ የሾላውን ፍሬ ውጦ ዘሩን ሩቅ ይጥላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ላይ በኢትዮጵያ የጥላ ቡና ውስጥ የተያዘው የወፍ ዓይነት ከአጠገቡ ካለው ደን ይበልጥ እንደነበር አንብቤያለሁ። የደን ልማደኞቹ ወፎች ግን ደኑ ውስጥ ይበረክታሉ፣ ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይህን ለሽማግሌው ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። እሳቸው በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

በረካው ሊቀዳ ሲል ልጅቷ «ዝም በሉ!» አለች። ከጫካው በላይ ድምፅ መጣ፤ እንደ ባቡር እስትንፋስ፣ ፉሽ... ፉሽ... ፉሽ። የነዚያ ጉንጫቸው ብር የመሰለ ወፎች የክንፋቸው ድምፅ ነው። አራት ሆነው በራሳችን ላይ አለፉና ሾላው ላይ አረፉ። ባይኖኩላሩን ከአንገቴ አውልቄ ለልጅቷ ሰጠኋት። እስኪሄዱ ድረስ አልመለሰችልኝም።