ነጠላውም ፊቱም እንዲታይ፦ ትንሽ ካሜራ የመምረጥ ልምዴ

ሰሞኑን ያነሣኋቸውን ፎቶዎች አሳጥቤ ለእናቴ ስሰጣት፣ ፊቷ ከነፈገግታው፣ የነጠላዋ ጥበብም ከነቀለሙ በአንድነት ጎልቶ በመታየቱ እጅግ ደስ አለኝ። እዚህ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ስለፈጀብኝ፣ ለዕለት ተዕለት ፎቶ የሚሆን፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ለመግዛት የምታስቡ ጓደኞቼ ከልምዴ ትጠቀሙ ዘንድ ይህን ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያውን ደረጃ ባጭሩ ልለፈው። እንደ ብዙዎቻችሁ በስልክ ጀመርኩ፤ ቀጥሎም ስለ ሜጋፒክሰልና ስለ ዙም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ዛሬ ያለኝ አቋም ቁርጥ ያለ ነው፦ ከሁለቱም የሚቀድመው ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል፣ ማለትም የሴንሰሩ፣ ስፋት ነው። በርካሾቹ ትንንሽ ካሜራዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባለ 1 ኢንች የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በስፋት አራት እጥፍ ያህል ነው። ሶኒ ይህን ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ2012 በአርኤክስ 100፣ ካኖን ደግሞ በ2014 በጂ7 ኤክስ ኪስ ውስጥ በሚገባ ካሜራ አቅርበውታል። የሁለቱ ሌንሶች ዙም ሳይደረግ ኤፍ 1.8 ድረስ ይከፈታሉ (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ግን የሶኒው ወደ ኤፍ 4.9 ስለሚወርድ የሚያስገባው ብርሃን ወደ አንድ ሰባተኛ ገደማ ያንሳል፤ የካኖኑ ኤፍ 2.8 ላይ ይቆማል። ማታ በአንድ አምፖል ቡና ሲፈላ የጀበናውን እንፋሎት ቀረብ አድርጎ ለማንሣት ለሚፈልግ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እኔም ጂ7 ኤክስን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዋነኛው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ለረጅም ጊዜ ካስቸገረኝ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ በአራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ብትቆሙ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ ምእመናን ግቢውን ሞልተው ሲወጡ ታያላችሁ። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ግን ነጩን ነጭ ብሎ አያውቀውም፤ ከፊቱ ያለውን ሁሉ በአማካይ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ስለሆነ፣ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል። በዚህም ምክንያት ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ ዓይንና ቅንድብ እስከማይለዩበት ድረስ ይጨልማል። የከተማችን ፀሐይም ችግሩን ታባብሰዋለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ከምድር ወገብም በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ኃይለኛው ብርሃን ከአናት ወርዶ ግንባርን ያበራና ዓይንን በጥላ ይሸፍናል። ስልኮች ይህን በራሳቸው ለማረም ይሞክራሉ፤ ነገር ግን ፊቱን አልስልሰው ስለሚያወጡት የአረጋውያን ፊት መስመሮች ይጠፋሉ፤ እኔ ደግሞ የምወደው እነዚያኑ መስመሮች ነው።

መፍትሔው በጂ7 ኤክስ አናት ላይ፣ ከመቀነስ 3 እስከ መደመር 3 የተቆጠረችው የብርሃን ማስተካከያ መዘውር ናት። ነጭ ሲበዛ መጨመር፣ ጥቁር ሲበዛ መቀነስ ነው ሕጉ። ነጠላ ለለበሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ደረጃ እጨምራለሁ፤ ጥቁር ካፖርት ለብሶ በጨለማ ግድግዳ ፊት ለቆመ ሰው ደግሞ የዚያኑ ያህል እቀንሳለሁ። ይህን በአውራ ጣት፣ ሜኑ ውስጥ ሳይገቡ ማድረግ መቻል ለእኔ ከማንኛውም አዲስ ቴክኖሎጂ ይበልጣል፤ ሰው ፈገግ ብሎ የሚጠብቀው ለአፍታ ነውና። አርኤክስ 100 ላይም ማስተካከያው አለ፤ ሆኖም ከኋላ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ማዞር ይጠይቃል። ሪኮ ጂአር የተባለውን ሌላ ትንሽ ካሜራ አጥብቄ እወደዋለሁ፤ ሴንሰሩም ከሁለቱ ይልቅ በጣም ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጂአር 3 ላይ ግን ለዚሁ ሥራ የነበረችውን የመደመርና የመቀነስ ቁልፍ አስቀሩት፤ ፍላሹንም አብረው አነሡት፤ ይህን ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም።

መዘውሯ ብቻዋን አትበቃም፤ ከልክ በላይ ከጨመራችሁ የነጠላው ጥበብ ነጥቶ ይጠፋል፤ የነጣውን ደግሞ በኋላ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ቀትር ላይ ፍላሽ አበራለሁ። ፍላሽ የማታ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጥሩ ፎቶ እያበላሸ ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ሹተር፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል፣ በሌንሱ ውስጥ ስለሆነ በከፍተኛ ፍጥነትም ከፍላሽ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ግን በመደበኛ አሠራራቸው ከአንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ሰከንድ አይዘሉም። የፍላሹ ብርሃን የሚደርሰው ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ያህል ስለሆነ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ለመቅረብ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሣዎት?» ብሎ ፈቃድ የማይጠይቅ ሰው ካሜራ ባይዝ እመርጣለሁ። ከሁሉም የሚሻለው ግን፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ወደ በረንዳ ጥላ ጠጋ እንዲሉ መለመን ነው፤ እዚያ ፍላሽም መዘውርም እምብዛም አያስፈልግም።

ካሜራው ያላቀነባበረውን ጥሬ ፋይል፣ ማለትም ሮው፣ ብታነሡ ጨለም ያለውን ፊት በኋላ ለማውጣት ሰፊ ዕድል እንደሚሰጣችሁ መናገር አለብኝ። እኔ ራሴ ግን የማነሣው ካሜራው አቀነባብሮ በሚያስቀምጠው በጄፔግ ነው፤ ማታ ኮምፒውተር ላይ የምቀመጥበት ጊዜም ፍላጎትም የለኝም። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔ ግን አልከተለውም።

ባትሪን በተመለከተ የጂ7 ኤክስ ደካማ ጎን ግልጽ ነው፤ በአምራቾች መለኪያ አንዱ ሙሌት ለ210 ፎቶ ያህል ሲበቃ የአርኤክስ 100 ግን 330 ይደርሳል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ሁለተኛ ባትሪ ሳትይዙ አትግዙ።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋው በመናሩ አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው። እንዲህ ያለው ካሜራ ሌንሱ በገባ በወጣ ቁጥር አቧራ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈውን ለማጽዳት ደግሞ ካሜራውን መፍታት ግድ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሌንሱን ኤፍ 11 ላይ አጥብባችሁ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሡ፤ ፎቶውንም በስክሪኑ አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ተመልከቱት። ጠቆር ያሉ ክብ ነጥቦች ከታዩ፣ ሻጩ ምንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ ለሌላ ሰው ተዉለት።