የእማማ አደራ

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮንግረስ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ሠራሁ። ኖቬምበር 8፣ ማክሰኞ ነበር። ጣቢያችን አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፈተ።

አሜሪካ አገሪቱን በሙሉ የሚያስመርጥ አንድ ቦርድ የላትም። ሥራው የስቴቶቹና የካውንቲዎቹ ነው። በዕለቱ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የሰፈር ሰው ነው፤ ጡረተኛ፣ አስተማሪ፣ እንደኔ ከሥራው ፈቃድ የጠየቀ። ቨርጂኒያ ውስጥ የጣቢያው ኃላፊና ምክትሉ ከተለያየ ፓርቲ እንዲሆኑ ይደረጋል። የኛ ኃላፊ በዴሞክራቶች በኩል የመጣች ሴትዮ ናት፤ ምክትሏ በሪፐብሊካኖች በኩል። ከ2020ው ምርጫ ወዲህ በቴሌቪዥን የማየውን የፓርቲዎች ጭቅጭቅ አስቤ፣ ሁለቱ ሲነታረኩ ሊውሉ ነው ብዬ ነበር።

ከምሳ በኋላ ደጅ አንድ መኪና ቆመ። 65 ዓመት የሞላው ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰው ከመኪናው ሳይወርድ መምረጥ ይችላል። ከባልደረባዬ ጋር ወጣሁ። ነጠላ ያጣፉ እናት ከልጃቸው ጎን ተቀምጠዋል። አማርኛ ስናገር ፊታቸው በራ። ዘወር ብዬ ቆምኩላቸው። ሞልተው ሲጨርሱ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን እንዳይታይ በሚሸፍነው ማኅደር ውስጥ ከተው ሰጡኝና እጄን ያዝ አደረጉት።

«አደራ ልጄ። ዜግነት ካገኘሁ የመጀመሪያዬ ነው።»

«አያስቡ እማማ፣ አሁኑኑ መቁጠሪያው ማሽን ውስጥ አስገባዋለሁ።»

ባልደረባዬ ወደ ቀጣዩ መኪና ሄደ። እኔ ስገባ አንዲት ሴት አድራሻ ቀይራ ግራ ገብቷት ቆማለች። «እስኪ ና» ተባልኩ። ማኅደሩን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ረሳሁት።

9 ሰዓት ላይ የመራጮች መዝገቡና የማሽኑ ቁጥር ተነጻጸረ። በዚያች ደቂቃ እየሞላ ያለ መራጭ አልነበረም። መዝገቡ 612 ይላል፣ ማሽኑ 611። ከዚህ ሁሉ አንዷ ምን ታመጣለች አልኩ በሆዴ።

ኃላፊዋና ምክትሏ ተያዩ። ድምፁን ከፍ ያደረገ የለም። የተከመሩትን ባዶ ማኅደሮች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ፤ እሷ ትከፍታለች፣ እሱ ይቆጥራል። ያኔ ክው አልኩ። የእማማ አደራ!

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አራተኛው ማኅደር ውስጥ ተገኘ። ሰው ባዶ መስሎት ከላዩ ደርቦበታል። ምክትሉ ምልክቱ እንዳይታይ ወረቀቱን ገልብጦ ያዘው። የሱን ፓርቲ ይጥቀም የሷን፣ አንዳቸውም አላዩም። ሦስታችንም ማሽኑ ድረስ አብረን ሄድን። ወረቀቱ ተስቦ ገባ። ስክሪኑ 612 አለ።

ኃላፊዋ የውሎ ማስታወሻ አውጥታ ሰዓቱንና የሆነውን መጻፍ ያዘች። አፈርኩ።

«ተገኘ አይደል? የግድ መጻፍ አለበት?» አልኳት።

«እንዴት እንደተገኘ ካልተጻፈ ማን ያምነናል?» አለችኝ። ምክትሏም «ልክ ናት» አለ። እሷ ፈረመች፣ እሱ ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ።

ምሽት 1 ሰዓት ሲዘጋ ማሽኑ ውጤቱን በረጅም ወረቀት አትሞ አወጣ። ሁላችንም ፈረምንበት። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ልክ ለልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየምርጫው እሠራለሁ። ከመኪና የተቀበልኩትን ማኅደር ይዤ ስገባ ማንም ቢጠራኝ፣ መጀመሪያ ማሽኑ ጋ ነው የምሄደው።