«እዚህ ላይ የራስዎን ስሜት ይጨምሩ»

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በስልኬ የዕለቱን ሥራ እያየሁ ነበር። አንድ ፓወር ባንክ የሚሸጥ ድርጅት ከፍሎን፣ ስልሳ የሚሆኑ ተራ ሰዎች ስለ ዕቃው በየገጻቸው እንዲጽፉ አድርገናል። የመጀመሪያውን ፖስት አየሁ፤ ጥሩ ነው። ሁለተኛውም ጥሩ ነው፤ ግን የት ነው ያነበብኩት? ሦስተኛው ላይ ስደርስ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። «ከያዝኩት ጊዜ ጀምሮ ሐሳብ ጥሎኛል» ይላል። አራተኛውም ሐሳብ ጥሎታል። አምስተኛዋም ሐሳብ ጥሏታል። አስራ አንደኛው ሰውዬ ደግሞ የላክንለትን ናሙና ከነመመሪያው ገልብጦ ለጥፎታል። መሀል ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «እዚህ ላይ የራስዎን ስሜት ይጨምሩ»።

ከሥሩ አንድ ጓደኛው «ስሜቱን ረሳኸው እኮ!» ብሎ ጽፎበታል። ሰው በሳቅ ሞቷል። በዚያ ቀን ካወጣናቸው ፖስቶች ሁሉ በደንብ የታየው እሱ ብቻ ነበር።

ነገሩን ስንጀምር እኔና አጋሬ አዲስ ነገር የፈጠርን መስሎን ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ዕቃ የሚገዛው ታዋቂ ሰው ግዛ ስላለው ብቻ አይደለም። የሥራ ባልደረባው፣ ጎረቤቱ፣ የአክስቱ ልጅ ሲለው የበለጠ ያምናል። ታዲያ ብራንዶች ለአንድ ታዋቂ ሰው የሚከፍሉትን ገንዘብ ለመቶ ተራ ሰው ለምን አያካፍሉትም? እኛ መሀል ገብተን እናገናኝ፣ ኮሚሽናችንን እንውሰድ። አለቀ።

ኋላ ሳነብ ነው ስንቱ ቀድሞን እንደሄደበት የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 ቦስተን ላይ የተቋቋመው ባዝኤጀንት ለተራ ሰዎች ምርት እየላከ ለወዳጆቻቸው እንዲያወሩለት ያደርግ ነበር። በ2006 ደግሞ ፔይፐርፖስት የሚባል ድርጅት ለብሎገሮች በየጽሑፉ እየከፈለ ስለ ምርቶች ማስጻፍ ጀመረ። ጸሐፊዎቹ ተከፍሏቸው መሆኑን እንዲናገሩ መጀመሪያ ላይ ስላላስገደደ ብዙ ተወቀሰ። እኛ ከአስራ ምናምን ዓመት በኋላ መጥተን ያንኑ ጉድጓድ እንደ አዲስ ቆፈርን። ገባንበትም።

በሙያው ቋንቋ ከ1,000 እስከ 10,000 ተከታይ ያለው ሰው «ናኖ» ይባላል። እኛ ከዚያም ወርደን ሦስት መቶና አራት መቶ ተከታይ ያላቸውን ጭምር ወሰድን። ከተከታዮቻቸው ውስጥ ግማሹ ዘመድ ነው። አፕ አልነበረንም። የነበረን ኤክሴልና አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። በዚህ አልጸጸትም። አፕ ለማሠራት ስንሯሯጥ ቢሆን ኖሮ ስህተታችንን በውድ ዋጋ ነበር የምንሠራው።

የተጸጸትኩት በአከፋፈላችን ነው። ስለ ማስታወቂያው ቃላት ስንጨነቅ ከረምን። ሰዎቹ የሚጽፉትን የሚወስነው ግን የላክንላቸው ናሙና ሳይሆን የምንከፍልበት መንገድ ነበር።

መጀመሪያ በፖስት ቁጥር ከፈልን። አንድ ፖስት፣ አንድ ክፍያ። ውጤቱን ከላይ አይታችኋል። ለአንድ ፖስት የምትከፍለው ሰው ፖስት ያመጣልሃል፤ ከዚያ በላይ ምን አድርግ አልከው? አንዳንዱ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ይለጥፋል። አንዳንዱ ገንዘቡ በገባ በአስር ደቂቃ ውስጥ ፖስቱን ያጠፋዋል። አንዷ እንዲያውም ከኛ በቀር ማንም እንዳያያት አድርጋ ለጥፋ ነበር። በብልሃቷ ተደነቅሁ። ከፈልኳትም፤ ደንባችን ላይ አይቻልም የሚል አልነበረም።

ቀጥሎ «በላይክ እንክፈል» አልን። ብዙ የተወደደለት ብዙ ይከፈለው፤ ፍትሐዊ ይመስላል። በሁለተኛው ሳምንት ላይኩ ጣራ ነካ። ለብራንዱ ሪፖርት ስልክ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የማላውቀው ሰው አንድ ግሩፕ ውስጥ ጨመረኝ። ገብቼ ሳይ የኛ ሰዎች ናቸው። «የኔን ላይክ አድርጉ፣ የናንተን አደርጋለሁ» እየተባባሉ ነው። ባለቤቱ መሆኔን አላወቁም። አንዱ «አዲስ ነህ? ሊንክህን ጣል» አለኝ። ሊንክ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ወጣሁ።

ይህ የሰፈር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዴቩሚ የሚባል ኩባንያ ሐሰተኛ ተከታይና ላይክ እየሸጠ ትልቅ ገቢ ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞት በስምምነት ተዘጋ። ላይክ ዋጋ ካለው የሚሸጠው ሰው ይገኛል። ዋጋ የሰጠነው ደግሞ እኛው ነን።

የዋትስአፕ ስታተስ ደግሞ የባሰ ነው። ስንት ሰው እንዳየው የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስክሪንሾት እንዲልኩልን እናደርግ ነበር። አንድ ምሽት የሁለት ሰዎችን ስክሪንሾት ጎን ለጎን ሳስተያይ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የተመልካቹ ቁጥር ይለያያል። ከላይ ያለው ሰዓት ግን በሁለቱም 9:14 ነው። ባትሪው በሁለቱም 63 በመቶ ነው። ሲሙ ላይ ያለው የኔትወርክ መስመር ሳይቀር እኩል ነው። አጉልቼ ሳየው ከተመልካቹ ቁጥር ውስጥ አንዱ አሐዝ ከጓደኞቹ ትንሽ ወፈር ብሏል። አንዱ ለአንዱ ልኮለት፣ ቁጥሯን ብቻ ቀይሯት ነው። ተናደድኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ለሁለት ሰው ስታተስ የምንከፍለው ገንዘብ ያንን ሁሉ ድካም የሚያክል አልነበረም።

ሦስተኛው ሙከራ የቅናሽ ኮድ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ኮድ፤ በኮዱ ዕቃ ሲሸጥ ይከፈለዋል። ይሄኛው ለማጭበርበር ያስቸግራል። ችግሩ ሌላ ነው። ሦስት መቶ ሰው የሚያውቅህ ከሆነ ሁለት ሰው ቢገዛ ነው። አንዳንዴ አንድም አይገዛም። ሰዎቹ ለፍተው፣ ቪዲዮ ቀርጸው፣ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንዱ ብቻ በጣም ብዙ ሸጠ። ደስ ብሎን ምስጢሩን ልንጠይቀው ስንል ኮዱን የቅናሽ ኮዶች በሚሰበሰቡበት ድረ ገጽ ላይ ለጥፎት አገኘነው። ማለት፣ ገዢዎቹ መጀመሪያውኑ ሊገዙ የመጡ ናቸው፤ መክፈያው ጋ ሲደርሱ ነው ኮድ የፈለጉት። ብራንዱ ለመጣ ደንበኛ ቅናሽም ኮሚሽንም ከፈለ። ኢሜይላቸው አጭር ነበር፤ ሰላምታ እንኳን አልነበረውም።

አሁን የምንከፍለው ለመሞከር ነው። ሰውየው ዕቃውን ወስዶ ለሁለት ሳምንት ይጠቀምበታል። ያየውን ይነግረናል። ለዚያ ቁርጥ ያለ ክፍያ አለው። ከዚያ ልጻፍ ካለ በራሱ ቃል ይጽፋል፤ በኮዱ ከተሸጠ ትንሽ ጭማሪ ያገኛል። ብራንዱ ጽሑፉን አስቀድሞ አያርምም። የዕቃው ዋጋ ወይም አሠራር በስህተት ከተጻፈ ብቻ እናስተካክላለን። ይህንን ለብራንዶች ስንነግራቸው ብዙዎቹ «እናስብበት» ብለው ጠፉ።

አንድ የማፍርበት ነገር አለ። መጀመሪያ አካባቢ ለሰዎቻችን «ተከፍሎኛል እንዳትሉ» እንላቸው ነበር። በጽሑፍ አይደለም፤ በስልክ። በጽሑፍ አለማድረጋችን ራሱ ጥፋት መሆኑን እንደምናውቅ ያሳብቃል። ማስታወቂያ ነው ካሉ ማንም አያምናቸውም ብለን ፈርተን ነው።

የሎርድ ኤንድ ቴይለርን ታሪክ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ይህ የአሜሪካ የልብስ መደብር እ.ኤ.አ. በ2015 ለ50 የፋሽን ተጽዕኖ ፈጣሪዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ ሰጠ። ለእያንዳንዳቸው ከ1,000 እስከ 4,000 ዶላር ከፈለ። ሁሉም በአንድ ቅዳሜና እሁድ ኢንስታግራም ላይ ለጠፉት። ቀሚሱ ተሸጦ አለቀ። ውሉ ላይ የመደብሩን ስም እንዲጠቅሱ ግዴታ ነበረባቸው፤ መከፈላቸውን እንዲናገሩ ግን አልተጠየቁም። በ2016 ፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ መደብሩን ከሰሰው፤ በስምምነት ተቋጨ። ልብ በሉ፣ የተከሰሰው ከፋዩ ነው። በኮሚሽኑ መመሪያ ደግሞ በነፃ የተሰጠ ዕቃም ቢሆን መነገር አለበት። ሳነብ ላብ አሰመጠኝ። የኛ ስልሳ ፓወር ባንኮች ትዝ አሉኝ።

ደንቡን በማግሥቱ ቀየርን። ፖስቱ ሲጀምር «ማስታወቂያ ነው፣ ተከፍሎኛል» ይላል። ሃሽታግ ውስጥ የተቀበረ አይቆጠርም። ኢንስታግራም ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚህ የራሱ ምልክት ስላለው እሱንም እንጠቀማለን። እንደፈራነው አንዳንዱ ፖስት ቀዘቀዘ። ኮሜንቱ ግን ተቀየረ። መጀመሪያ «ስንት ከፈሉህ?» ይሉታል። ከዚያ «እሺ፣ የምርህን ግን ዕቃው ይረባል?» ይሉታል። ሁለተኛው ጥያቄ ዱሮ አልነበረም። ሁሉም ነገር መልካም ነው በተባለበት ገጽ ላይ ማን ምን ብሎ ይጠይቃል?

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብራንዶች ሲከፍሉ በስልሳ ቀን ነው፤ አንዳንዱ በዘጠና። ፖስት ያደረገው ሰው ግን ገንዘቡን የሚፈልገው በዚያው ሳምንት ነው። መሀል ላይ ያለነው እኛ ነን። በወረቀት እያተረፍን ኪሳችን ባዶ ነበር። ሥራ በበዛ ቁጥር ይብሳል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በቶሎ ይከፈለኝ ይላል። ሥራ ሲበዛልህ የምትከስር ከሆነ አንድ ነገር ተገልብጧል ማለት ነው። እኛ ግን ይህንን ከማስተካከል ይልቅ ሌላ ብልሃት ፈጠርን። ዝቅተኛ የማውጫ መጠን አስቀመጥን። ሒሳብህ እዚያ ካልደረሰ ማውጣት አትችልም።

መጠኑን ከፍ አድርገን ነበር የቆረጥነው። አብዛኛው ሰው ሁለት ሦስት ሥራ ሠርቶ ይጠፋል፤ ገንዘቡ እኛ ጋ ይቀራል። ሒሳባችን አማረ። አጋሬ «አየህ፣ ተነፈስን» አለኝ። እኔም ተነፈስኩ።

ከዚያ አንዲት የሁለት ልጆች እናት ጻፉልኝ። ከመጀመሪያዎቹ ሰዎቻችን አንዷ ናቸው። ከኤክሴሉ በቀር ብዙም አላውቃቸውም ነበር። መልእክታቸው አንድ መስመር ነው፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ገንዘብ የእኔ ነው ወይስ የእናንተ?»

መልሱን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አንደኛው ረጅም ነበር፤ ስለ ዝውውር ክፍያና ስለ አሠራር ያብራራል። ሦስተኛው ላይ «የእርስዎ ነው» ብዬ ብቻ ላክሁ። ከላክሁ በኋላ ለአጋሬ ደወልኩ። ያንን ዝቅተኛ የማውጫ መጠን እናስቀረው አልኩት። ተጨቃጨቅን። «በምን ልንከፍል ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለሁሉም ቀሪ ሒሳባቸውን ለመላክ ከየቤታችን መበደር ነበረብን። ዝውውሩ ራሱ የሚያስከፍለው አናደደን፤ ለአንዳንዱ የላክነው ገንዘብ ከማስተላለፊያው ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ክፍያውን ሰብስበን ዓርብ ዓርብ እንልካለን። ከብራንዶቹ ደግሞ ግማሹን ቅድሚያ መጠየቅ ጀመርን። ብዙዎቹ ትተውን ሄዱ። የቀሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ በስልክ ባለቤቱን ራሱን የምታገኛቸው ዓይነት።

ሴትዮዋ አልሄዱም። ዓርብ ገንዘቡ ሲገባ «ደረሰኝ» ብለው ይጽፋሉ፤ ሌላ ቃል የለም።

ባለፈው የተማሪ ቦርሳ እንዲሞክሩ ሰጠናቸው። በሳምንቱ ቪዲዮ ላኩልኝ። ቦርሳው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እጃቸው ብቻ ይታያል። ዚፑን ይስባሉ፤ እስከ ግማሽ በሰላም ይሄዳል። ከዚያ ከኋላው ይተረተራል። መልሰው ይስባሉ፤ ዳግመኛ ይተረተራል። ከበስተጀርባ ልጅ «እማዬ፣ አልኩሽ እኮ» ሲል ይሰማል። ከሥሩ ጽፈዋል፦ «በሦስተኛው ቀን ነው። እንዲህ እያየሁ ጥሩ ነው ብዬ አልጽፍም። መጥፎ ነው ብዬ ልጻፍ ወይስ ልተው?»

ዱሮ ቢሆን ምን እንደምል አውቃለሁ። ቪዲዮውን እንዳለ ለቦርሳው ባለቤት ላክሁለት። ለሁለት ሰዓት ያህል መልስ የለም። ያም ሄደ ብዬ ነበር። ከዚያ ደወለ። አልተቆጣም። «ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ነጭ ጨርቅ አለ፤ እሱ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ» አለ። ከየትኛው ዙር እንደተሰፋ ሊያይበት ነው። ላኩ። ዚፑን ከሌላ ቦታ ያመጣበት ዙር ሆኖ ተገኘ። የቀሩትን ቦርሳዎች ከመደርደሪያ አወረዳቸው።

ፖስቱ አልወጣም። ክፍያቸው በዚያው ዓርብ ገባላቸው። የመጣልኝ መልስ ከወትሮው በአንድ መስመር ይረዝማል፦ «ደረሰኝ። ቦርሳውንስ ልመልስ?»